«እምቢ» ማለትም መልስ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በወጣው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ፣ ሊኑክስ የተባለው የማስኬጃ ሲስተም የተጫነበትን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆነው ሊከፍቱ ሲሞክሩ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ እምቢ ተብሏል) የሚል መልእክት ለገጠማቸው አንባቢያን የተሰጠውን ምክር አነበብሁ። ምክሩ በኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራውን ፋየርዎል ሙሉ በሙሉ ማጥፋትን፣ «ሩት» የተባለው ዋና ተጠቃሚ በይለፍ ቃል እንዲገባ መፍቀድን፣ ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ሲስተሙን እንደገና መጫንን አከታትሎ ያዝዛል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ደሴ ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍቼ በምሠራባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ የሩት ፈቃድ ከተጠየቀው ሕመም ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ ፋየርዎሉም የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነው፤ እንደገና መጫኑ ደግሞ በሽታውን ለማጥፋት በሽተኛውን እንደ መቅበር ያለ ነው። ጋዜጣችሁን ቆርጠው ሱቄ ድረስ ይዘው የመጡ ደንበኞች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢያን ባጭሩ ለማስረዳት፣ እዚህ የምንነጋገርበት የርቀት መግቢያ ኤስኤስኤች ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሠሩት ሲሆን፣ መነሻቸውም በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት መጠለፋቸው ነበር። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ቴልኔት የሰውን ስምና የይለፍ ቃል ሳይሸፍን ያስተላልፋል፤ ኤስኤስኤች ግን ሁሉን በምስጢር ቋጥሮ ያልፋል። ፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ 21 ቁጥር ፖርትን (ፖርት ማለት አንድ አገልግሎት ጥሪ የሚቀበልበት ባለቁጥር በር ነው)፣ ቴልኔት 23ን ይዘው ስለነበር፣ ሁለቱን ይተካል የተባለው አዲሱ መግቢያ በመካከላቸው 22 ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው ዝርያ ነው፤ እርሱም በ1999 ኦፕንቢኤስዲ በተባለው የማስኬጃ ሲስተም ሠሪዎች እጅ ወጣ።

አሁን ወደ መልእክቱ ልመለስ። እኛ አገር ሰው ቤት የሄደ እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። አንዳንድ ጊዜ ከግቢው ድምፅ ይወጣና «የምትፈልገው ሰው እዚህ የለም» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ቢጠሩ ቢጠሩ የሚመልስ ይጠፋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሩ ይከፈትና «ማን ልበል?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ «አናውቅህም» ተብሎ ይመለሳል። ሊኑክስ እነዚህን ሁኔታዎች ለይቶ በየስማቸው ይነግረናል። ዝምታው «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ነው፤ ማንነት ተጠይቆ መመለሱ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ነው፤ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚለው ግን ከግቢው ውስጥ የወጣው ድምፅ ነው። የእኛ ኮምፒውተር «ልገናኝህ» የምትል ትንሽ ጥቅል ወደ 22 ቁጥር ፖርት ይልካል፤ እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከሌለ የወዲያኛው ኮምፒውተር ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ራሱ «ሪሴት» የተባለ አጭር መልስ ይመልሳል፤ የእኛም ሊኑክስ ይህን 111 በሚል የስሕተት ቁጥር መዝግቦ ያሳየናል። መልሱ የሚመጣው በቅጽበት ነው። ዝምታ ቢሆን ኖሮ ሊኑክስ ጥቅሉን ደጋግሞ እየላከ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ይህን መልእክት ያየ ሰው፣ መሥመሩ እንዳልተቆረጠና በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሕያው መሣሪያ እንዳለ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ያውቃል ማለት ነው።

የሩት ፈቃድ ምክር ከንቱ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤስኤች የተጠቃሚውን ስም የሚጠይቀው ግንኙነቱ ከተመሠረተና ሁለቱ ኮምፒውተሮች በምስጢር ቁልፍ ከተስማሙ በኋላ ነው። በእምቢታው ጊዜ ግን ገና ስም አልተጠየቀም፤ የሚጠይቅ ፕሮግራም በበሩ የለምና። ሩት ይግባ፣ ሌላ ሰው ይግባ፣ የይለፍ ቃሉ ይርዘም ይጠር፣ ለዚህ መልእክት ምንም ለውጥ አያመጣም። ይልቅስ ያ ፈቃድ ችግሩ ከተፈታም በኋላ እንደተከፈተ ይቀራል። ኦፕንኤስኤስኤች በ2015 ከወጣው 7.0 እትሙ ጀምሮ ሩት በይለፍ ቃል እንዳይገባ በነባሪው፣ ማለትም ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር፣ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለኢንተርኔት የተጋለጠ 22 ቁጥር ፖርት ያለው ኮምፒውተር የመግቢያ መዝገቡን የከፈተ ሁሉ፣ በማያውቃቸው አገሮች ያሉ ማሽኖች ቀንና ሌት «ሩት» እያሉ የይለፍ ቃል ሲገምቱ ያያል። እኔ ሌላ ስም የሚሞክሩትን ከሩት ጋር ሳነጻጽር ሩት ሁልጊዜ ይበዛል።

እንግዲህ መልስ ሰጭው ማን ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው ተዋርጃለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን ያላቸው፣ እኛ «ሐጂ» ብለን የምንጠራቸው አንድ አረጋዊ ነጋዴ አሉ። ሒሳባቸው የሚመዘገበው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ እኔ ከደሴ ሆኜ በኤስኤስኤች እየገባሁ እከታተለዋለሁ። አንድ ጠዋት እምቢ አለኝ። በስልክ ብደውልላቸው «አብሽር ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ መብራቱም ይበራል፣ ልጅቱም እየጻፈችበት ነው» አሉኝ። አላመንሁም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ፣ ከደሴ ብርድ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስደርስ ኮምፒውተሩ በእርግጥም ደህና ነበር፤ ኤስኤስኤቹም እያዳመጠ ነበር። ለካስ ኢንተርኔቱን ለመጋዘኑ መሣሪያዎች የሚያከፋፍለው ራውተር ከውጭ የሚመጣውን የ22 ቁጥር ጥሪ የሚመራው ለኮምፒውተሩ የውስጥ አድራሻ ሲሆን፣ ራውተሩ አድራሻዎችን እንደገና ሲያድል ያንን የቆየ አድራሻ የሰጠው ለአዲሱ ፕሪንተር ኖሯል። እኔ የሐጂን ሒሳብ ስጠራ «እዚህ የለም» ብሎ የመለሰልኝ ፕሪንተሩ ነበር፤ እውነቱንም ነው። ከዚያ ወዲህ የውስጥ አድራሻውን በራውተሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ አስይዤዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለመሳቂያነት ብቻ አይደለም። በዚያ ቀን የጋዜጣችሁን ምክር ተከትዬ ቢሆን ኖሮ ደህናውን ኮምፒውተር ፎርማት አደርገው ነበር፤ ፕሪንተሩም እምቢታውን ይቀጥል ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከመብራት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለእኛ አካባቢ ሰው ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስኤች በሁሉም መሥመር እንዳያዳምጥና በኬብል በሚመጣው አድራሻ ብቻ እንዲወሰን ፈልጌ፣ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ሊስንአድረስ» የምትል መስመር ጨምሬ ከጎኗ ያንን የውስጥ አድራሻ ጽፌ ነበር። ለጥንቃቄ ያደረግሁት ነው፤ ለወራትም ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጎሕ ሲቀድ ተመለሰ፤ ጠዋት ስሞክረው እምቢታ። አድራሻው ትክክል ነበር፣ ፕሪንተሩም በዚህ ጊዜ ንጹሕ ነበር። ልጅቱን በስልክ ይዤ፣ በሲስተምሲቲኤል ትእዛዝ የኤስኤስኤችን ሁኔታ እንድትጠይቅ ነገርኋት፤ «ፌይልድ» ይላል አለችኝ፣ ቀዩንም ቀለም ጨምራ። ቀጥሎ በጆርናልሲቲኤል መዝገቡን አስከፍቼ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ፊደል በፊደል ስታነብልኝ፣ በአማርኛ «የተጠየቀውን አድራሻ መመደብ አልተቻለም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ሆነ።

ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩም ራውተሩም እኩል ይነሣሉ። ኮምፒውተሩ አዲስ ዓይነት ዲስክ ስላለው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ አገልግሎቶቹን ይጀምራል፤ ያረጀው ራውተር ግን ነፍስ እስኪዘራና አድራሻ ማደል እስኪጀምር ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ኤስኤስኤች «በዚህ አድራሻ ላይ አዳምጥ» የተባለውን አድራሻ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ገና አድራሻ አልተሰጠውም። የሚቀመጥበት ያጣው ፕሮግራም ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ አድራሻው ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ግን ሄዷል። «አገልግሎት ሲወድቅ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ ራሱ መልሶ ያስነሣው የለ እንዴ?» የሚል ባለሙያ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር። በዴቢያን የአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ ግን ፕሮግራሙ 255 በሚል የመውጫ ቁጥር ከወጣ እንዳይነሣ የሚያዝዝ መስመር አለ፤ ኤስኤስኤች እንዲህ ባለ ጊዜ የሚወጣውም በዚሁ ቁጥር ነው። የተበላሸ ማዋቀሪያ ያለው አገልግሎት ያለ ማቋረጥ እየተነሣ እንዳይወድቅ የታሰበ መከላከያ ነው፤ ለእኛ የመብራት ሁኔታ ግን አልታሰበም።

መፍትሔው ልጅቱ አንዲት ትእዛዝ ጽፋ አገልግሎቱን ማስነሣቷ ብቻ ነበር፤ አራት ደቂቃ አልፈጀም። ዘላቂው መፍትሔ ደግሞ ያቺን የሊስንአድረስ መስመር ማጥፋት፣ ኤስኤስኤች በሁሉም አድራሻ እንዲያዳምጥ መተውና፣ ማን በሩን ማንኳኳት እንደሚችል የመወሰኑን ሥራ ለፋየርዎሉ መስጠት ነው። ጸሐፊው አጥፉት ያሉትን ፋየርዎል እኔ ለመፍትሔው አጥብቄ ፈለግሁት ማለት ነው። ሐጂ ለራውተሩና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ፣ እንዲገዙ ብነግራቸው «ኢንሻ አላህ» ብለውኛል፤ ኢንሻ አላህ እየተባለ ሁለት ክረምት አልፏል።

ስለ ፋየርዎል ፍትሐዊ ልሁን። ፋየርዎል «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚያሰኝበት ጊዜ ጨርሶ የለም አላልሁም። የተለመደው የፋየርዎል አሠራር ያልተፈቀደውን ጥቅል በዝምታ መጣል ስለሆነ ውጤቱ ታይምድ አውት ነው፤ ከመጣል ይልቅ «አይቻልም» ብሎ እንዲመልስ የታዘዘ ፋየርዎል ግን ልክ ፕሮግራሙ እንደሌለ ያህል እምቢታ ያሳያል። ይህ በተለይ ፌይልቱባን በተባለው ጠባቂ ፕሮግራም ይታያል። ፌይልቱባን በነባሪው አቀማመጥ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተ መግቢያ የሞከረን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል፤ ሲያግድም እንቢታውን ይልካል እንጂ ዝም አይልም። በእኔ ሱቅ ሥራ የሚለማመድ አንድ ወጣት የይለፍ ቃሉን ትልቅ ፊደል ማድረጊያው እንደተጫነ ደጋግሞ ሲጽፍ፣ የሱቁ ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚወጡ፣ ሁላችንም አብረን ታገድን። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከሱቁ እምቢ ያለው ኮምፒውተር በሞባይል ዳታ ሲሞከር ይከፍታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቡና አስፈልቶ 10 ደቂቃ መቆየት ወይም የታገደውን አድራሻ ብቻ ማስለቀቅ ይበቃል፤ ጠባቂውን ማባረር አያስፈልግም።

የቀሩትን ምክንያቶች ፈጠን ብዬ ልለፍባቸው። ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት በዴስክቶፕ መልኩ የጫነ ሰው ከሩቅ የሚገባበት ደንበኛው ፕሮግራም እንጂ አገልጋዩ አብሮ እንደማይመጣ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር የተባለውን ፕሮግራም እስኪጭን ድረስ እምቢታው ትክክለኛ መልስ ነው። ማዋቀሪያ ፋይሉን ነካክቶ አንዲት ፊደል ያጎደለ ሰው አገልግሎቱ አይነሣለትም፤ ስለዚህ ፋይሉን ካስተካከሉ በኋላ አገልግሎቱን ከማስነሣታቸው በፊት ኤስኤስኤችዲ የተባለውን የአገልጋዩን ፕሮግራም በ«ቲ» ምልክት ማዘዝ ይገባል፤ ስሕተቱ በየትኛው መስመር እንዳለ ይናገራል። የፖርቱን ቁጥር ከ22 ወደ ሌላ የለወጠ ሰው፣ በኡቡንቱ ከ22.10 እትም ወዲህ በሩ ላይ የሚያዳምጠው ሲስተምዲ ራሱ ስለሆነ፣ አገልግሎቱን ብቻ ሳይሆን ሶኬት የተባለውን ክፍል ጭምር መልሶ ማስነሣት አለበት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ የኮምፒውተሩ መታወቂያ የሆኑት የሆስት ቁልፍ ፋይሎች ገና በዲስክ ላይ ሳይጻፉ ተቋርጠው ባዶ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ፤ መዝገቡ «የሆስት ቁልፍ የለም» ብሎ ይነግራል፤ ባዶዎቹን አጥፍቶ አዲስ ማመንጨት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ኤስኤስ» በተባለው ትእዛዝ 22 ቁጥር ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም መኖሩን ማየት ግማሹን ድካም ያስቀራል። የሚያዳምጥ ካለና የሚያዳምጠውም 127.0.0.1 በሚለው አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን እንጂ ሌላ ማንንም አይሰማም። በሁሉም አድራሻ የሚያዳምጥ ካለ ችግሩ በመንገዱ ነው፤ ወደ ራውተሩ እንሂድ። የሚያዳምጥ ከሌለ መዝገቡን እናንብብ።

እንደገና መጫን ስለሚለው ምክር የምለው አለኝ። በከተማችን ይህን ሥራ የሚሠሩ ባልደረቦቼን ለማስቀየም አልፈልግም፤ ነገር ግን ፎርማት ማድረግ ሳይመረመር ዋጋ የሚጠየቅበት ብቸኛው ሥራ ስለሆነ ተወዳጅ ሆኗል። አንድ ኮምፒውተር እንደገና ሲጫን ምክንያቱን የያዘው መዝገብ አብሮ ይጠፋል፤ አገልግሎቱ ከአዲስ ሲጫን ያ ችግር ለጊዜው የተወገደ ይመስላል፤ መብራት እንደገና ሲጠፋ ደግሞ ይመለሳል፣ ዋጋውም እንደገና ይከፈላል። ከዚህም በላይ የሆስት ቁልፎቹ ስለሚለወጡ፣ ከዚያ በፊት ሲገቡ የነበሩት ሁሉ «የወዲያኛው ኮምፒውተር መታወቂያ ተለውጧል፣ አንድ ሰው እየጠለፈህ ሊሆን ይችላል» የሚል አስደንጋጭ ማስጠንቀቂያ ይገጥማቸዋል። ይህን ማስጠንቀቂያ በየጊዜው ያለ ምክንያት ማየት የለመደ ሰው፣ በእውነት የሚጠለፍበት ቀን ሲመጣ እንደ ወትሮው አልፎት ይሄዳል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው እትም የሩት መግቢያን በይለፍ ቃል መፍቀድን የሚመክረው አንቀጽ እንዲታረምና፣ ምክሩን ቀድመው የፈጸሙ አንባቢያን ያንን መስመር ወደ ነበረበት እንዲመልሱ፣ ፋየርዎላቸውንም እንዲያበሩ በግልጽ እንዲነገራቸው ነው። ፋየርዎሉን መልሰው ሲያበሩ አስቀድመው የ22 ቁጥር ፖርትን ፈቃድ መጻፍ እንዳለባቸው አብሮ ይገለጽላቸው፤ ከሩቅ ገብቶ ሳይፈቅድ ፋየርዎል ያበራ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚያገኘው ዝምታውን ነውና፣ ያን ጊዜ ሚኒባስ መሳፈሩ አይቀርለትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ